“ፎርጅድ” ፒንሳ፦ እውነተኛውን ከአስመሳዩ እንዴት እንለየው?

 

በዚህ ወር የምናወጋው ስለ አንዲት ትንሽ የእጅ መሣሪያ ነው። “የቤተሰብ መጽሔትን ከፒንሳ ጋር ምን አገናኘው?” የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ ሲበጠስ፣ የበሩ ማሰሪያ ሲላላ፣ የልጁ ብስክሌት ሰንሰለት ሲወልቅ በየቤታችን መጀመሪያ የሚፈለገው ፒንሳ ነው። ለብዙ ወጣት ወንድሞቻችንም የዕለት እንጀራ መክፈቻ ነው። ይህ ዕቃ ሲገዛና ሲሸጥ ሐቅና ማታለል ይገናኛሉ። ነገሩን ያስተማረኝ የገዛ ስህተቴ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

በወናጎ የሆነው

ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደውና እስከ ሞያሌ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ያለች የቡና ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀይ እሸት ቡና ሲደርስ አገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በመፈልፈያ ጣቢያዎች ቡናው ተፈልፍሎና ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባሉ የእንጨት አልጋዎች ላይ ይሰጣል። የአልጋው ወለል የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ከእንጨቱ ጋር በማሰሪያ ሽቦ ይታሰራል፣ በየዓመቱም ይጠገናል። ለዚህ ሥራ ከወንፊቱ ቀዳዳ ገብቶ ሽቦውን ስቦ የሚጠመዝዝ፣ አፉ ረጅምና ቀጭን የሆነ ፒንሳ ያስፈልጋል።

የእህቴ ልጅ በሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ ይማራል። የዕረፍት ጊዜውን በከንቱ እንዳያሳልፍ በአንድ ጣቢያ የአልጋ ጥገና ሥራ ያዘ። “አይዞህ፣ በርታ” ለማለት አንድ ፒንሳ ልገዛለት ወሰንኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ጠቆር ያለ፣ ዋጋውም ሦስት እጥፍ ነው። ሌላው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ እጀታው ቀይ ፕላስቲክ ነው፣ የታወቀ የውጭ ፋብሪካ ስምም ታትሞበታል። እኔ ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ለሚያብረቀርቀውና ለርካሹ ተሸነፍኩ።

ልጁ ስጦታውን ሲቀበል በአንዱ ጎን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበበና ሳቀ፤ “አጎቴ፣ ራሱ ፎርጅድ ነኝ ብሎ ጽፏል እኮ!” አለኝ። እኔም አብሬው ስቄ የቃሉን ትርጉም አስረዳሁት። በእንግሊዝኛው ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። ብረት ሠሪዎች “ፎርጅድ” ሲሉ ብረቱ በእሳት ግሎ፣ በመዶሻ ወይም በከባድ ማሽን ተቀጥቅጦ ቅርጹን ያዘ ማለታቸው ነው። ይህ ለመሣሪያ የምስጋና ቃል ነው። በእኛ ገበያና ቢሮ ግን ሥር የሰደደው ሁለተኛው ትርጉም፣ ማለትም ሐሰተኛና ተመሳስሎ የተሠራ የሚለው ነው።

በሦስተኛው ቀን ልጁ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ሽቦውን አጥብቆ ሲጠመዝዝ የፒንሳው መገጣጠሚያ በድንገት ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ዘለለ። ሁለቱ እጀታዎች ተጋጭተው የመዳፉን ሥጋ ቆነጠጡት። በዚያው ቅጽበት ከረጅሙ አፍ አንዱ ጎን ተሰብሮ ወደቀ። ቁስሉ እስኪደርቅ አራት ቀን ከሥራ ቀረ። የአራት ቀን ደመወዝ ደግሞ በሁለቱ ፒንሳዎች ዋጋ መካከል ከነበረው ልዩነት ይበልጥ ነበር። የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት እንደ ሻካራ ጨው የተፈረካከሰ ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። ፈጽሞ ያልተቀጠቀጠ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነበር። ጽሑፉ በብረት ሠሪዎች ቋንቋ ዋሽቶ፣ በእኛ ገበያ ቋንቋ ግን እውነቱን ተናግሯል ማለት ነው።

ብረትና መገጣጠሚያ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐዲድ (57፥25) ብረትን ሲጠቅስ ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ብዙ ጥቅም ያለው መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ሰበእ (34፥10-11) ደግሞ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እንደለዘበላቸው፣ ጥሩር እንዲሠሩና ቀለበቶቹን ሲያያይዙ ልኩን እንዲጠብቁ እንደታዘዙ ይገልጻል። ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ከሙጃሂድ ያስተላለፉት ማብራሪያ ለርዕሳችን እጅግ ይቀርባል። ይኸውም የቀለበቱ ሚስማር በጣም ከቀጠነ በቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል፣ በጣም ከወፈረ ደግሞ ቀለበቱን ይሰብራል፤ ስለዚህ በልኩ ይሁን የሚል ነው።

እነሆ የፒንሳ ምሥጢርም ይኸው ነው። ፒንሳ ሁለት ብረት በአንድ ሚስማር ወይም ሪቬት ተጣምሮ የሚሠራ ነው። በተለይ አሁን የምንነጋገርበት ዓይነት መገጣጠሚያው ሁለት ደረጃ አለው። ቀዳዳው ረዘም ብሎ ሁለት ማረፊያ ስላለው፣ ወፍራም ነገር ለመያዝ ሲፈለግ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሚስማሩን ወደ ሁለተኛው ማረፊያ ማንሸራተት ይቻላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በአንድ ዕቃ የሁለት ሥራ ይሠራል። ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው። ሚስማሩና ማረፊያው በልክ ካልተገጣጠሙ ፒንሳው ሲጨነቅ በራሱ ይንሸራተታል። አፉ ረጅም በመሆኑ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ያለች ጥቂት መላወስ ጫፉ ላይ ስትደርስ በዝታ ትታያለች። ስለዚህ የዚህ ፒንሳ ሐቅ ያለው በመብረቅረቁ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ነው።

በአሜሪካ የታወቀው የክላይን መሣሪያ ፋብሪካ ስለ አጀማመሩ የሚተርከው ይህንኑ ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. በ1857 በቺካጎ ከተማ አንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ አንድ ጎኑ የተሰበረ ፒንሳ ይዞ ወደ ማትያስ ክላይን የብረት መቀጥቀጫ መጣ። ክላይን የተሰበረውን ጎን አዲስ ቀጥቅጦ ከአሮጌው ጋር በሪቬት አጣመረለት። ብዙም ሳይቆይ አሮጌው ጎን በተራው ተሰበረና ሰውየው ተመልሶ መጣ። ክላይንም ሁለተኛውን ጎን ሠራለት። ያ የመጀመሪያው ሙሉ የክላይን ፒንሳ ሆነ። በጀርመን ቩፐርታል የሚገኘው ክኒፔክስም እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ዋና ሥራው ፒንሳ ነው። እንዲህ ያለ ስም የሚገነባው በትውልዶች ድካም ነው። አስመሳዩ ይህንን ስም በአንድ ቀን ማተሚያ ይሰርቃል። በዚያው በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለከፉ አስመሳይ ምርቶች በየዓመቱ የማሳፈሪያ “ሽልማት” ይሰጣል። ሽልማቱም አፍንጫው በወርቅ የተቀባ ጥቁር የድንክ ምስል ነው፤ በሰው ሐሳብ የከበረ ሰው ይታወቅ ዘንድ!

ሱቅ ውስጥ ቆመን ምን እንፈትሽ?

ከዚያ ወዲህ ልምድ ያላቸውን የኤሌክትሪክና የሬዲዮ ጠጋኞች እየጠየቅሁ፣ ራሴም እየሞከርኩ የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ ስሙን በጥንቃቄ ማንበብ። በጥሩ ዕቃ ላይ ስሙ ብረቱ ውስጥ ጠልቆና ጠርዙ ጠርቶ ይገኛል። በቀለም ብቻ የተጻፈ ወይም በወረቀት የተለጠፈ ስም ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ተቀይራ ወይም ተጨምራ ትገኛለች። ሆኖም በሚገባ የተቀረጸ ስምም ሊሰረቅ ስለሚችል በስሙ ብቻ አትቁሙ።

ሁለተኛ፦ መገጣጠሚያውን መነቅነቅ። አፉን በግማሽ ክፈቱና ሁለቱን ጎኖች ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዙ። መላወስ ሊኖር አይገባም። ሲከፈትና ሲዘጋ ያለ መንገራገጭ ይሂድ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ማረፊያ አንሸራቱና ያንኑ ድገሙ። አፉ በሰፊው ሳይከፈት ሚስማሩ ከማረፊያው የሚወጣ ከሆነ ያን ፒንሳ መልሱት፤ የእህቴን ልጅ መዳፍ የጎዳው ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ወደ ብርሃን መመልከት። ፒንሳውን ዘግታችሁ ወደ በሩ ብርሃን አንሡ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ርዝመት ኖሯቸው ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ከጫፎቹ በስተኋላ ቀጭን የብርሃን መስመር ብትታይ ጉድለት አይደለም፤ ሲጨበጥ ትጠፋለች። ጫፎቹ ሳይነካኩ ከኋላ የሚገጥም ከሆነ ግን ቀጭን ሽቦ አይዝላችሁም። የመቁረጫው ስለት ሲዘጋ ደግሞ ብርሃን ማሳለፍ የለበትም።

አራተኛ፦ ቀጭን ወረቀት መቁረጥ። አንድ ብጣሽ ወረቀት በመቁረጫው አስገብታችሁ ጨብጡ። ጥሩ ስለት ከዳር እስከ ዳር ይቆርጠዋል፤ መጥፎው ያጥፈዋል ወይም ይቦጭቀዋል።

አምስተኛ፦ ሞረድና ማግኔት። ባለ ሱቁን አስፈቅዳችሁ መቁረጫው ዳር ላይ በሞረድ ቀስ ብላችሁ ንኩ። በሚገባ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል፣ ለስላሳ ብረት ላይ ግን ይነክሳል። ማግኔት ብረትን ከአረብ ብረት አይለይም፤ ሁለቱንም ይስባል። ጭራሽ የማይስበው ከሆነ ግን ከብረት ሳይሆን እንደ ዚንክ ካለ ለስላሳ ማዕድን የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ጥሩ ፒንሳ ሁሉ ነገሩ እኩል ጠንካራ አይደለም። አረብ ብረት ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን መልሶ በመጠኑ በማሞቅ እንዲለዝብ ይደረጋል። የመቁረጫው ስለት ብቻ ተለይቶ የበለጠ ይጠነክራል። በብረት ጥንካሬ መለኪያ (ሮክዌል) የጥሩ ፒንሳ ስለት 60 ገደማ ሲደርስ አካሉ ከዚያ ዝቅ ይላል። አካሉ በጥቂቱ እንዲተጣጠፍ፣ ስለቱ እንዳይዶለዱም ነው። ከጊዛ የፈሰሰው አስመሳይ ይህን አያውቅም፤ ኒኬሉ ያሳምረዋል፣ ሥራው ይሰብረዋል።

ስድስተኛ፦ እጀታው። ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም እናቶች፣ ይህን አደራ ያዙልኝ። ቀይ ወይም ቢጫ ፕላስቲክ የለበሰ እጀታ ሁሉ ኤሌክትሪክ አይከላከልም፤ አብዛኛው ለእጅ ምቾት ብቻ ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ የተፈተነ መሣሪያ የተደራረቡ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ይህም ምልክት ተመሳስሎ ሊታተም ይችላል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ሰው ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ የምጣድም ሆነ የመብራት ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ከቆጣሪው አጥፉ፤ ነፍስን ለፕላስቲክ አደራ መስጠት አይገባም።

ሰባተኛ፦ ደረሰኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ያለ ደረሰኝ ግን “ከእኔ አልገዛህም” ለሚል ሰው ምን መልስ አለን?

ርካሽ መሆን ኃጢአት ነውን?

አይደለም! ሁሉም ሰው ውዱን መግዛት አይችልም። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውዳቂ ብረት መልሰው ዕቃ የሚያደርጉ፣ በየገጠሩም ከመኪና ባሌስትራ ገጀራና መጥረቢያ የሚቀጠቅጡ ሠራተኞች አሉን። ዕቃቸው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የማንንም ስም አልሰረቁም፤ ገዢውም የሚገዛውን ያውቃል። ይህ ሐላል ሲሳይ ነው። በአገራችን “ቀጥቃጭ” እየተባለ ሲናቅ የኖረው ሙያ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) የሠሩት ሙያ መሆኑን፣ እርሳቸውም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በቡኻሪ ሐዲስ መነገሩን ልብ ይሏል።

የተከለከለው ርካሹን በውዱ ስም መሸጥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ሐዲሱ በሙስሊም ተዘግቧል። ከላይ የሚያብረቀርቅ ኒኬል፣ ከውስጥ ጊዛ! ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል? በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የነበሩት ሸይዘሪም ለገበያ ተቆጣጣሪው፣ ለሙሕተሲቡ፣ በጻፉት መመሪያ ብረት ሠሪዎች ቢላዋና መቀስ ከለስላሳ ብረት ሠርተው አረብ ብረት ነው ብለው እንዳይሸጡ ከልክለዋል። በሽታው የዛሬ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንዲሁ።

የሱቁ ባለቤት ጥያቄ

የተሰበረውን ፒንሳ ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ በመስጂድ ጎን ለጎን የምንሰግድ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሐጂ ናቸው። “ሐጂ፣ ይህን ይመልከቱልኝ” ብዬ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ምንም ሳይናገሩ ገንዘቤን ቆጥረው አስቀመጡና ከመደርደሪያው ሥር ካርቶኑን አወጡ። ሁለት ደርዘን ገዝተው ሰባት ሸጠዋል፤ አሥራ ሰባቱ አሉ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ፈተናዎች አብረን አንድ በአንድ ሞከርናቸው። አንድም ያለፈ አልነበረም።

“ኡስታዝ፣ እኔም እንደ አንተ ተታልዬ ነው የገዛሁት። ገንዘቤ ገብቶበታል፤ ታዲያ እነዚህን ምን ላድርጋቸው?” አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የብዙ ነጋዴ ወንድሞቻችን ፈተና ይህ ነው። የመጀመሪያው ውሸት የእርሳቸው አልነበረም፤ አሁን ካወቁ በኋላ የሚሸጡት ግን የእርሳቸው ውሸት ይሆናል። አብረን የከተማችን ዓሊም ዘንድ ሄድን። ሸይኹ ሦስት ነገር ነገሯቸው። እንደ እውነተኛ አድርገው እንዳይሸጡ፤ ዕቃው ነውር ያለበት ስለሆነ በኺያሩል ዐይብ መብታቸው ለሸጠላቸው ሰው እንዲመልሱ፤ ቀድሞ የሸጡላቸውንም ሰዎች እንዲያስታውሱ።

ሐጂ ለአከፋፋዩ መለሱለት። አከፋፋዩ “ደረሰኝ አምጣ” አለ። ደረሰኝ አልተቀበሉም ነበር፤ ስለዚህ ኪሳራውን ራሳቸው ተሸከሙ። ከሰባቱ ገዢዎች እኔን ጨምሮ አራቱን ያውቁን ነበርና ገንዘባችንን መለሱልን። ሦስቱ በሞያሌው መንገድ ያለፉ መንገደኞች ስለነበሩ ሊገኙ አልቻሉም። የሦስቱን ዋጋ በባለቤቶቹ ስም ለሚስኪኖች ሰደቃ ሰጡ። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ ስድስቱን በመዶሻ ሰባብረው ለውዳቂ ብረት ገዢ በኪሎ ሸጡ። ካርቶኑ ከተገዛበት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የተገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

አንዷን ግን አስቀሩ። ዛሬ በሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ሁለት ፒንሳዎች በገመድ ታስረው ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው አስመሳዩ። ፒንሳ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ሐጂ መጀመሪያ ሁለቱንም ያስይዙትና “ነቅንቃቸው፤ ከዚያ የፈለግኸውን ንገረኝ” ይሉታል። አቅም ለሌለውም ስም የሌለበት፣ መገጣጠሚያው ግን ደህና የሆነ ርካሽ ፒንሳ አምጥተዋል፤ ጉድለቱን ነግረው ይሸጡለታል። ገዢና ሻጭ እውነት ከተነጋገሩና ነውሩን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚሆንላቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚነሳ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሐጂ በዚያ ካርቶን ከስረዋል። ገዢዎቹ ግን አሁን መሣሪያ ሲፈልጉ ቀድመው የሚሄዱት ወደ እርሳቸው ነው።

የእህቴ ልጅ መዳፍ ድኗል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሁለተኛውን ፒንሳ የመረጠው ራሱ ነው። ነቀነቀው፣ ወደ ብርሃን አነሳው፣ ወረቀት ቆረጠበት፣ ደረሰኝም ተቀበለ። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ ዋጋውን ብቻ ከፈልኩ።

ወላሁ አዕለም።